የወንዝ ዳር ሳንዲ ሎምን ቆፍሮ መለየት፦ በደረቅና ቀዝቃዛ የግጦሽ መሬት ላይ

በአሜሪካ ዋዮሚንግ ግዛት የቢግሆርን ወንዝን ተከትሎ የተዘረጋው ሜዳ ደረቅ የከብት ግጦሽ ነው። ብዙው ቦታ በዓመት ከ250 ሚሊሜትር ያነሰ ዝናብ ያገኛል፤ ከኅዳር እስከ የካቲት ደግሞ አፈሩ በብርድ ይጠጥራል። ወንዙ ዳር ያለውን አፈር አንድ ጭብጥ አንስቶ «ሳንዲ ሎም ነው» (አሸዋ የበዛበት፣ ደለልና ጥቂት ሸክላ የተቀላቀለበት አፈር) ማለት ቀላል ነው። ስሙ ግን ብቻውን ብዙም አይረዳም። ጎርፍ ያመጣው አፈር ድርብርብ ስለሆነ፣ ውሃው የት እንደሚቆምና ሥሩ የት እንደሚደርስ የሚወስነው ንብርብሩ ነው።

የት ይቆፈር? ወንዙ አፋፍ ላይ አይሆንም፤ ጎርፍ ከወንዙ ሲወጣ መጀመሪያ የሚጥለው ሻካራውን አሸዋ ስለሆነ አፋፉ ከሌላው ሜዳ ይልቅ አሸዋማ ነው። ከወንዙ ራቅ ያለው ዝቅተኛ ቦታ ደግሞ ደለልና ሸክላ ይበዛበታል። የድሮ የወንዝ መሄጃ ላይ ከቆፈሩ ጠጠር ያገኛሉ። ስለዚህ መጀመሪያ በእጅ መሰርሰሪያ ሦስት አራት ቦታ ወግተው ይዩ፤ ዋናውን ጉድጓድ ብዙውን ሜዳ በሚወክለው ላይ ያድርጉት። ጥሩው ጊዜ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ነው። በግንቦትና በሰኔ የተራራው በረዶ ቀልጦ ወንዙ ስለሚሞላ ውሃው ጉድጓዱን ያጥለቀልቀዋል።

አንድ ነገር አስቀድመው ያጣሩ። ከላይ በኩል ያለው የቦይሰን ግድብ እ.ኤ.አ. በ1952 ከተጠናቀቀ ወዲህ ዋናው ወንዝ እንደ ልቡ አይሞላም። ግድቡ የማይገዛቸው እንደ ኖዉድ ያሉ ገባሮች ግን አሁንም አዲስ ደለል ያለብሳሉ። መልኩ ጎርፍ ሜዳ የሆነ ሁሉ ዛሬም ይጥለቀለቃል ማለት አይደለም።

ጉድጓዱ 150 ሴንቲሜትር ይዝለቅ፤ የሚመረመረው ግድግዳ ፀሐይ የሚያገኘው ይሁን። አሸዋማ ግድግዳ ሳያስጠነቅቅ ይናዳል፤ ስለዚህ በአንድ በኩል ደረጃ ይሥሩለት፤ ብቻዎን ደግሞ አይግቡ። የላዩን አፈር ለብቻ፣ የታችኛውን ለብቻ ይከምሩ።

ከዚያ ግድግዳውን በቢላዋ ከላይ ወደ ታች እየፋቁ ያጽዱት። አካፋ የለሰነው ገጽ ንብርብሩን ይደብቃል። የሚጠበቀው ይህን ይመስላል፦ ከላይ 10 ወይም 15 ሴንቲሜትር ሥር የበዛበት፣ በእጅ ሲነካ የሚፈርስ ቡናማ አፈር። የአፈር ቀለም በቁጥር በሚለይበት በመንሰል የቀለም መጽሐፍ ሲደርቅ 10YR 5/3፣ ሲረጥብ 10YR 4/3 አካባቢ ይሆናል። ከሥሩ እስከ ጉድጓዱ ወለል ድረስ ደቃቅ አሸዋ፣ ሳንዲ ሎም፣ ቀጭን የደለል ክር፣ እንደገና አሸዋ እየተፈራረቁ ይወርዳሉ። ከላይ ታጥቦ የወረደ ሸክላ የተጠራቀመበት መካከለኛ ንብርብር አይገኝም፤ አፈሩ ገና ሳይበስል ሌላ ጎርፍ ይደርብበታል። መካከል ላይ ጠቆር ያለ ቀጭን መስመር ካዩ የተቀበረ የድሮ ገጽ ሊሆን ይችላል። ጥልቀቱን ይጻፉ፤ ጥቁረቱ ወደ ታች በወጉ እየቀነሰ አለመሄዱ የጎርፍ አፈር መለያ ነው።

አሁን እያንዳንዱን ንብርብር በእጅ መፈተሽ ነው። እንቁላል የሚያህል አፈር ከ2 ሚሊሜትር በላይ የሆነውን ጠጠር ለቅመው ውሃ ጠብ ጠብ እያደረጉ ይሹት። ጨርሶ ካልተጨበጠ አሸዋ ነው። ቢጨበጥም በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ሲገፋ ጥብጣብ ካልወጣው ሎሚ ሳንድ (ከሳንዲ ሎም የበለጠ አሸዋማ የሆነ አፈር) ይባላል። ከ2.5 ሴንቲሜትር ያነሰ ጥብጣብ አውጥቶ የሚቆረጥና በጣም የሚሻክር ከሆነ ሳንዲ ሎም ነው። ስህተቱ የሚመጣው ከችኮላ ነው፦ በደንብ ያልታሸ የደረቀ ሸክላ ፍርፋሪው እንደ አሸዋ ይሻክራል፤ ቢያንስ አንድ ሁለት ደቂቃ ማሸት ያስፈልጋል። በጣም ደቃቅ አሸዋም ደለል ይመስላል፤ ውሃ ጨምረው መዳፍ ላይ ሲያሹት ግን ፍሬው ይታወቃል።

ቀጥሎ ያለው ስሌት ብዙ ሰው የሚያስተው ነው። በአሜሪካ የአፈር ምደባ መሠረት እንዲህ ላለው አፈር የሚታየው ከ25 እስከ 100 ሴንቲሜትር ያለው ክፍል አማካይ ነው፤ አማካይ ሸክላው ከ18 በመቶ በታች ከሆነና ደቃቅ አሸዋና ከዚያ የሻከረው 15 በመቶና በላይ ከሆነ ሻካራ ሎም ክፍል ይገባል። እንበልና 15 ሴንቲሜትሩ 12 በመቶ፣ 5 ሴንቲሜትሩ 30 በመቶ፣ 55 ሴንቲሜትሩ 10 በመቶ ሸክላ አለው። ውፍረቱን በመቶኛው አባዝተው ደምረው ለ75 ሲያካፍሉ 11.7 በመቶ ይወጣል። ወረቀቱ ላይ ያቺ 5 ሴንቲሜትር የለችም። መሬት ላይ ግን ውሃውን የምትይዘው እሷ ናት። አማካዩን ለምደባ ይጠቀሙበት፤ ለግጦሽ ወይም ለመስኖ ውሳኔ ግን ንብርብሩን እንዳለ ይመልከቱ።

ወፍራም አሸዋ ከደቃቁ ሥር ሲመጣም ውሃ ይቆማል። ነገሩ ግራ ያጋባል፤ ግን ደቃቁ ቀዳዳ ውሃውን አጥብቆ ስለሚይዝ እስኪጠግብ ድረስ ወደ ሰፊው ቀዳዳ አይለቀውም። ምስክሩ ሥር ነው፦ የሣር ሥር ወደ ታች መውረዱን ትቶ ድንበሩ ላይ በጎን ከተዘረጋ ውሃ እዚያ ያድራል። ወጥ የሆነ ሳንዲ ሎም በ1 ሜትር ጥልቀት ከ10 እስከ 13 ሴንቲሜትር ያህል ለተክል የሚሆን ውሃ ይይዛል። የ12 ሚሊሜትር ዝናብ ደረቁን አፈር የሚያረጥበው እንግዲህ ቢበዛ 12 ሴንቲሜትር አካባቢ ነው።

ኖራውን ለማወቅ 10 በመቶ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ከላይ እስከ ታች በየንብርብሩ ጠብ ያድርጉ፤ መነጽርና ጓንት አይርሱ። ከገጹ ጀምሮ ከፈላ ኖራው ከደለሉ ጋር የመጣ ነው። ነጭ ክር መሰል ነገር ሥር በነበረበት ቀዳዳ ካዩ መጠራቀም ጀምሯል። ዶማ የማይበሳው ነጭ ጠጣር ንብርብር ከገጠመዎት ግን የቆሙት ጎርፍ ሜዳው ላይ ሳይሆን የቆየ እርከን ላይ ነው።

ፒኤች (የአሲድነትና የአልካላይነት መለኪያ) ከ7.4 እስከ 8.4 የተለመደ ነው። ከ8.5 ካለፈ ሶዲየም ይጠርጥሩ፤ ግሪስዉድ የሚባለው ቁጥቋጦና ነጭ የጨው ቅርፊት ካሉ ጥርጣሬው ይጠነክራል። በኤሌክትሪክ አስተላላፊነት የሚለካው የጨው መጠን ከ4 ዴሲሲመንስ በሜትር ሲያልፍ አፈሩ ጨዋማ ይባላል፤ ይህ ቁጥር ግን የሚሠራው ውሃ እስኪጠግብ ከተለወሰ አፈር ለተጨመቀ ውሃ ነው። አንድ እጅ አፈር በሁለት እጅ ውሃ በጥብጠው የለኩት ቁጥር ዝቅ ስለሚል ጨዋማውን ደህና ያስመስለዋል።

ብርቱካንማና ግራጫ ነጠብጣብ የከርሰ ምድር ውሃ የሚወጣበትን ከፍታ ያሳያል። ነጠብጣቡ የሥር ቀዳዳን ከተከተለ የእርጥበት ምልክት ነው፤ ንብርብሩን ሙሉ እኩል ካቀላው ግን ከተራራው ይዞት የመጣው ቀለም ሊሆን ይችላል።

የሙቀት ደረጃው በ50 ሴንቲሜትር ጥልቀት ይለካል። በዓመት አራት ጊዜ በእኩል የጊዜ ልዩነት ለክቶ አማካዩን መውሰድ ይበቃል፦ ከ8 እስከ 15 ዲግሪ ሜሲክ፣ ከ8 በታች ሆኖ የሞቃቱና የቀዝቃዛው ወቅት ሙቀት ሰፊ ልዩነት ካለው ፍሪጂድ ይባላል። የዋልካ መሬት ለለመደ ሰው አንድ ማሳሰቢያ፦ እዚህ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ አፈር አይጠብቁ። የዚህ አፈር ጠላት ነፋስ ነው፤ ሣሩ ተግጦ ካለቀ ላዩ ይነሳል።

ሲጨርሱ ጉድጓዱን አፈሩ ከወጣበት በተቃራኒ ቅደም ተከተል ይሙሉ፤ በየ20 ሴንቲሜትሩ ይርገጡት፣ የላዩን አፈር መጨረሻ ይመልሱ፣ መሐሉንም ትንሽ ከፍ አድርገው ይተዉት። ሳይረገጥ የተሞላ ጉድጓድ በሚቀጥለው የበረዶ ቅላጭ ይሰምጥና የፈረስ ወይም የላም እግር ይሰብራል።