የዜሮ ዜሮ መኪና የሞተር ዘይት በስንት ኪሎ ሜትር ይቀየራል?

አዲስ መኪና የገዛ ሰው ጋራዥ ሲጠይቅ «በ3 ሺህ ቀይር» ይሉታል። ሻጩ 5 ሺህ ይለዋል። ከመኪናው ጋር የመጣውን መጽሐፍ ሲገልጥ ደግሞ 10 ሺህ ኪሎ ሜትር ወይም 12 ወር የሚል ያገኛል። 3 ሺህ ተራ የማዕድን ዘይት ብቻ ከነበረበት ዘመን የቀረ ልማድ ነው፤ ዛሬ ጥሩ ዘይት ለሚጠቀም ብዙውን ጊዜ ገንዘብ ማባከን ነው። 10 ሺህ ደግሞ መጽሐፉ መደበኛ ብሎ ለሚጠራው አነዳድ የተሰላ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከሚነዱት መኪናዎች እዚያ ምድብ የሚገባው ጥቂቱ ነው።

መጽሐፉን ጥቂት ገጽ አልፈው ቢገልጡ ከባድ አጠቃቀምን የሚመለከት ሌላ ሠንጠረዥ ያገኛሉ። ዝርዝሩ ከአምራች አምራች ብዙም አይለያይም፦ አቧራማ ወይም ያልተነጠፈ መንገድ፣ ሞተሩ እየሠራ ብዙ መቆም፣ እንደ ታክሲና ዕቃ አድራሽ ቀኑን ሙሉ በዝግታ መሄድ፣ በብርድ ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ የሚያልቅ አጭር ጉዞ፣ ከባድ ጭነት። ለምሳሌ ቶዮታ ለአሜሪካ ገበያ 0ደብሊው-20 (ቁጥሩ የዘይቱን ቅጥነት ይነግራል) ሲንቴቲክ ማለትም በፋብሪካ የተቀናበረ ዘይት ለሚወስዱ ሞዴሎቹ 10 ሺህ ማይል ወይም 12 ወር ይፈቅዳል፤ ከተዘረዘሩት አንዱ ካለ ግን 5 ሺህ ማይል ወይም 6 ወር ይላል። በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ ታክሲና ኡበር የሚሠሩ ወገኖች ከዚህ ከሁለተኛው ምድብ ናቸው። ደግሞ ማይል መሆኑን ልብ ይበሉ፤ 5 ሺህ ማይል ማለት 8 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

እንግዲህ ለአዲስ አበባ ቤንዚን መኪና የምንመክረው 5 ሺህ ኪሎ ሜትር ወይም 6 ወር ነው፤ የቀደመው ይወስናል። አብዛኛው ጉዞዎ በአገር አቋራጭ አስፋልት ከሆነና ሲንቴቲክ ዘይት ከተጠቀሙ 7 ወይም 8 ሺህ ድረስ ቢሄዱ አያሰጋም።

ሰዓቱን ይቁጠሩ

ኪሎ ሜትር የሚቆጥረው ጎማው የዞረውን ነው፤ ዘይቱ የሚያረጀው ግን ሞተሩ በሠራበት ሰዓት ነው። ከአያት ሜክሲኮ በጠዋት ሰልፍ የሚመላለስ መኪና በአማካይ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ 10 ሺህ ኪሎ ሜትር ሲሞላ ሞተሩ 500 ሰዓት ሠርቷል። በሰዓት 60 የሚሄድ የክፍለ ሀገር መኪና 500 ሰዓት የሚሞላው 30 ሺህ ሲደርስ ነው። 30 ሺህ ድረስ ዘይት ሳይቀይር የሚነዳ ሰው የለም፤ የከተማው ግን «መጽሐፉ 10 ሺህ ይላል» ብሎ ሳይታወቀው ያንኑ እያደረገ ነው።

የግንባታ ማሽን ኦፕሬተሮች ዘይት የሚቀይሩት በሰዓት ነው፤ የተለመደው 250 ሰዓት ነው። ያንኑ ለቤት መኪና መጠቀም ይቻላል። በአዳዲስ መኪናዎች ዳሽቦርድ ላይ አማካይ ፍጥነት የሚያሳይ ገጽ አለ። ዘይት በቀየሩ ቀን ዜሮ ያድርጉትና ከአንድ ወር በኋላ ይመልከቱት። የሚያዩትን ቁጥር በ250 ያባዙ፤ 16 ካሳየ 4 ሺህ፣ 20 ካሳየ 5 ሺህ፣ 30 ካሳየ 7,500 ኪሎ ሜትር ነው። ቁጥሩ መጽሐፉ ከሚፈቅደው ካለፈ ግን መጽሐፉን ይከተሉ።

አጭር ጉዞ ለብቻው ሌላ ጣጣ አለው። ቀዝቃዛ ሞተር ተጨማሪ ቤንዚን ይረጫል፤ ያልተቃጠለው በፋሻው (በፒስተኑ ዙሪያ ባለው ቀለበት) በኩል አልፎ ዘይቱ ውስጥ ይወርዳል፣ እንፋሎቱም ቀዝቅዞ ውሃ ሆኖ ይቀላቀለዋል። ሞተሩ በደንብ ሞቆ ካልቆየ ሁለቱም ከዘይቱ አይወጡም። ልጆች ትምህርት ቤት አድርሶ ብቻ የሚመለስ መኪና በክረምት የዘይት መሙያ ክዳኑ ሲከፈት ውስጡ ቡናማ ወተት የመሰለ ነገር ይዞ ይገኛል። ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ተበላሸ ብለው አይደንግጡ። የራዲያተሩ ውሃ ካልቀነሰና በመለኪያ ዘንጉ ላይ ያለው ዘይት ንጹሕ ከሆነ፣ ክዳኑ ላይ የረጋ እርጥበት ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይቆሙ ቢነዱት ይጠራል። ቱርቦ ያላቸውና ቤንዚኑን በቀጥታ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚረጩ ትንንሽ ሞተሮች ደግሞ በቤንዚን መቅጠን ይበልጥ ይጠቃሉ፤ በመለኪያው ላይ ዘይቱ ከፍ እያለ ከመጣ የጨመረው ቤንዚን ነውና 5 ሺህን አይጠብቁ።

የመጀመሪያው ቅያሪ

አዲስ ሞተር ውስጥ ፋሻው ከሲሊንደሩ ጋር እስኪላመድ ጥቃቅን የብረት ብናኝ ይወጣል። ከመጀመሪያው 1,000 እስከ 1,500 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ ዘይቱን ከነፊልትሮው መቀየር ግዴታ ባይሆንም ወጪው ትንሽ ነው፤ እኛ እንቀይር ባዮች ነን። ሆኖም መጽሐፉን አስቀድመው ይዩ፤ ሆንዳን የመሳሰሉ አምራቾች ሞተሩ ለመላመድ የሚረዳ የተለየ ዘይት ከፋብሪካ ስለሚሞሉ ቀድሞ እንዳይቀየር ያዛሉ። በዚህ 1,000 ኪሎ ሜትር ውስጥ ፔዳሉን እስከ ወለል አይርገጡ፣ ረጅም መንገድም በአንድ ፍጥነት ብቻ አይጓዙ።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ዜሮ ዜሮ መኪና ከፋብሪካ ወጥቶ በመርከብ፣ ከዚያ ጅቡቲና ሞጆ ደረቅ ወደብ፣ ከዚያ ሻጩ ግቢ ወራት ሊቆም ይችላል። የወሩ ቆጠራ የሚጀምረው ዘይቱ ሞተሩ ውስጥ ከተሞላበት ቀን እንጂ ሊብሬው በስምዎ ከወጣበት አይደለም። የተመረተበት ጊዜ ከዓመት በላይ ከሆነ 40 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢያሳይም ዘይቱን ይቀይሩ።

የትኛው ዘይት

በመሙያ ክዳኑ ላይ የተጻፈውን ይግዙ። በዘመኑ ትንንሽ ቤንዚን ሞተሮች 0ደብሊው-20 ወይም 5ደብሊው-30 ነው፤ አንዳንዶቹ 0ደብሊው-16 ይላሉ። «አገራችን ሙቀት ነው፣ ወፈር ያለ ይሻላል» ተብሎ 20ደብሊው-50 የሚሞላላቸው አሉ። የአዲስ አበባ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ ወፍራም ዘይት ጠዋት ሲነሳ ቴስታታው ላይ እስኪደርስ ይዘገያል፣ የቫልቭ ጊዜን የሚያስተካክለውን ክፍልም ያንቀረፍፈዋል። ጀሪካኑ ላይ የሚጻፈው የጥራት ደረጃ ኤፒአይ ኤስፒ ይሁን፤ በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። ጭስ ማጣሪያ ያለው ዘመናዊ ናፍታ መኪና ካለዎት ዝቅተኛ አመድ ያለው፣ ማለትም እንደ መጽሐፉ ኤሲኢኤ (የአውሮፓ መኪና አምራቾች ደረጃ) ሲ2 ወይም ሲ3 የሚል ያስፈልገዋል፤ ተራ የናፍታ ዘይት ማጣሪያውን ይደፍነዋል።

ሐሰተኛ ዘይት የሚሸጠው ባዶ ጀሪካን ተሰብስቦ እንደገና ተሞልቶ ነው። የክዳኑን ማኅተም ይፈትሹ፤ ተጠቅመው ሲጨርሱ ጀሪካኑን በቢላ ቀደው ይጣሉ።

ሲቀየር ቆመው ይዩ

ሞተሩ 5 ደቂቃ ያህል ሠርቶ ለብ ይበል፤ በጣም ከጋለ እጅ ያቃጥላል፣ ቀዝቃዛ ከሆነ ደግሞ ቆሻሻው ታች ይቀራል። መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም፤ በክሪክ ብቻ ተነስቶ ሰው ከሥሩ አይግባ። የመሙያ ክዳኑ ይከፈት፣ የማፍሰሻው ብሎን ይፈታ፣ ጠብታው እስኪያቆም 10 ደቂቃ ይጠበቅ። ብሎኑ ላይ ያለችው ሮንዴላ በአዲስ ትተካ፤ አንዴ ስለተጨፈለቀች ሁለተኛ ጊዜ ታንጠባጥባለች። ብሎኑን መጀመሪያ በጣት ያስገቡት፣ ከዚያ በቁልፍ ይጥበቅ። በብዙ የቶዮታ ትንንሽ ሞተሮች 37 ኒውተን ሜትር ገደማ ይበቃዋል። በረጅም ቁልፍ ቆመው ሲጠመዝዙት የአልሙኒየም ካርተሩ (የዘይት መያዣው) ጥርስ ይበላል፤ የዘይት ፍሳሽ ይዘው ከሚመጡ መኪናዎች ብዙዎቹ ጣጣቸው ይህ ነው።

ፊልትሮው ሁልጊዜ አብሮ ይቀየር። አሮጌው ሲወጣ ጎማው ሞተሩ ላይ ተጣብቆ መቅረት አለመቅረቱን በጣት ይዳስሱ። ሁለት ጎማ ተደርቦ ከታሰረ ሞተሩ እንደተነሳ ዘይቱ በግፊት ይወጣል፣ መንገድ ላይ ከሆነ በደቂቃ ባዶ ይቀራል። የአዲሱን ጎማ ዘይት ቀብተው፣ ከነካ በኋላ ሦስት አራተኛ ዙር በእጅ ያጥብቁ። ርካሽ ፊልትሮ ውስጡ ዘይት እንዳይመለስ የሚይዘው ቫልቭ ደካማ ስለሆነ ጠዋት ሲነሳ ለአንድ ሁለት ሴኮንድ ሞተሩን ያንኳኳዋል።

መጠኑ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። 4 ሊትር ጀሪካን ተገዝቶ እስከ ታች ይገለበጣል። በብዙ ያሪስ ላይ ያለው 1.5 ሊትሩ 1ኤንዜድ ሞተር ከነፊልትሮው 3.7 ሊትር ነው የሚወስደው፤ የሱዙኪ ዲዛየር 1.2 ሞተር ከ3 ሊትር እምብዛም አያልፍም። ሃይሉክስ 2.4 ናፍታ ደግሞ 7.5 ይፈልጋል። ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ትርፍ ሲኖር ክራንኩ ዘይቱን እየመታ አረፋ ያደርገዋል፤ አረፋ ደግሞ ኩሽኔታ አያለሰልስም። ስለዚህ ግማሽ ሊትር አስቀርተው ይሙሉ፣ አንድ ደቂቃ ያስነሱት፣ አጥፍተው 5 ደቂቃ ይጠብቁ፣ ከዚያ እየለኩ ከላይኛው ምልክት በታች ያድርሱት።

በመካከል

በሰዓቱ መቀየር መለካትን አይተካም። የቶዮታ መጽሐፍ በ1,000 ኪሎ ሜትር እስከ 1 ሊትር ዘይት መብላትን እንደ ጤናማ ይቆጥራል፤ 3.7 ሊትር ለሚይዝ ሞተር ይህ ከ5 ሺህ በፊት ባዶ መቅረት ነው። አዲስ ሞተር መጀመሪያ ላይ ይበልጥ ስለሚበላ በየሁለተኛው የነዳጅ ቅጂ ይለኩ። ቀለሙን አይመኑ፤ የናፍታ ዘይት በተቀየረ ቀን ይጠቁራል። የአየር ማጣሪያው በደንብ ካልተገጠመም የሚገባው አቧራ ዘይቱን አሸዋ ያደርገዋልና እሱንም አብረው ይዩ።

ዳሽቦርድ ላይ የሚበራው የጥገና ማስታወሻ በአንዳንዱ መኪና ኪሎ ሜትር ብቻ ይቆጥራል፣ በሌላው ከሙቀትና ከዙር ያሰላል፤ አቧራን የሚለካ የለም። ቀዩ የዘይት መብራት ግን ግፊት ጠፋ ማለት ነው፤ ዳር ይዘው ሞተሩን ወዲያው ያጥፉት፣ እስከ ጋራዥ ልድረስ አይባልም።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የቤንዚንና የናፍታ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ አዳዲሶቹ በብዛት ኤሌክትሪክ ናቸው፤ እነዚህ የሞተር ዘይት የላቸውም፣ የማርሽ ሳጥን ዘይታቸው ግን በመጽሐፉ ጊዜ ይታያል። ሃይብሪድ የሞተር ዘይት አለው፤ ሞተሩ እየጠፋ እየተነሳ ስለሚሠራ በደንብ አይሞቅም፣ ስለዚህ 6 ወሩን አያሳልፉበት።

ቀኑን፣ ኪሎ ሜትሩን፣ የዘይቱን ዓይነትና የፊልትሮውን ቁጥር የያዘ ደረሰኝ ያስቀምጡ፤ በዋስትና ጊዜ ሞተር ሲበላሽ መጀመሪያ የሚጠየቁት እሱን ነው።