የብርቅዬ ጥንታዊ ጠመንጃን የምርት ብዛት እንዴት ማጣራት ይቻላል

አንድ ጥንታዊ ጠመንጃ ብርቅ ነው ሲባል ሰብሳቢው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ተሠራ?» ብሎ ነው። ጥያቄው አጭር ቢሆንም መልሱ አንድ ቁጥር ብቻ አይደለም። ፋብሪካው የሠራው፣ መለያ ቁጥር የተመታበት፣ ከመጋዘን ወጥቶ የተላከው፣ ገዢው በውል ያዘዘው እና እስከ ዛሬ የተረፈው ብዛት የተለያዩ ናቸው። በጨረታ መግለጫዎች ላይ የሚታዩት ብዙዎቹ ስሕተቶች የሚመነጩት አንደኛውን ቁጥር በሌላው ቦታ ከመጥቀስ ነው። ስለዚህ ምርመራ የሚጀምር ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ከእነዚህ የትኛውን እንደሚፈልግ በማስታወሻው ላይ ጽፎ ይያዝ፤ በኋላ የሚያገኛቸውን አኃዞችም በዚሁ መሠረት ለያይቶ ያስቀምጥ።

ነገሩን በተጨባጭ ለማየት ከአሜሪካው ዊንቸስተር ኩባንያ የ1873 ሞዴል ጠመንጃ የተሻለ ምሳሌ አለ ብዬ አላስብም (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ኩባንያው በ1875 ባወጣው የዋጋ መዘርዝር፣ በተኩስ ሙከራ ከሌሎቹ በልጠው የተገኙትን የአፈሙዝ ቱቦዎች ለይቶ፣ ልዩ ቃታና የተዋበ አጨራረስ ባላቸው ጠመንጃዎች ላይ በመግጠም፣ «ከሺህ አንዱ» የሚል ጽሑፍ ቀርጾባቸው በ100 ዶላር እንደሚሸጥ አስታወቀ። ከእነዚህ ቀጥለው የተገኙት ቱቦዎች ደግሞ «ከመቶ አንዱ» ተብለው ከመደበኛው ዋጋ በ20 ዶላር ጭማሪ ይሸጡ ነበር። ዛሬ እነዚህ ጠመንጃዎች በሰብሳቢዎች ዘንድ እጅግ ከሚፈለጉት መካከል ናቸው።

ጀማሪ አጥኚ እዚህ ላይ የሚሳሳተው ስያሜውን እንደ ስሌት በመውሰድ ነው። የ1873 ሞዴል በጠቅላላው 720,610 ያህል ተሠርቷል ስለሚባል፣ ከየሺሁ አንድ ቢወጣ ወደ 720 የሚጠጉ «ከሺህ አንዱ» ጠመንጃዎች ይኖሩ ነበር ብሎ መገመት ይቀላል። በተግባር ግን ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ብዛት 136 ነው፤ «ከመቶ አንዱ» የተባሉትም 8 ብቻ ናቸው። ስያሜው የሽያጭ ማስታወቂያ ነበር እንጂ የምርት ቀመር አልነበረም። እንዲህ ያለውን ልዩነት የሚገልጠው የፋብሪካው መዝገብ ብቻ ነው፤ ከስም፣ ከማስታወቂያ ወይም ከወሬ ተነሥቶ የተሰላ ብዛት ምንም ያህል አሳማኝ ቢመስል እንደ ግምት እንጂ እንደ ማስረጃ መያዝ የለበትም።

ይህም ሆኖ 136 ከሚለው ጎን 133 የሚል አኃዝም በጽሑፎች ላይ ይገኛል። ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ሲያጋጥሙ የሚስማማንን መርጦ ሌላውን መጣል ተገቢ አይደለም፤ ወይም አማካያቸውን መውሰድ ፈጽሞ አይገባም። መጠየቅ ያለበት እያንዳንዱ ቆጣሪ ምን እንደቆጠረ ነው። በመዝገቡ ላይ «ከሺህ አንዱ» ተብሎ የተጻፈውን መስመር ብቻ ቆጠረ ወይስ መዝገቡ ሳይጠቅሳቸው በአካል የተገኙትንም ጨመረ? ለጥገና ወደ ፋብሪካ ተመልሶ እንደገና የወጣውን ጠመንጃ አንድ ጊዜ ቆጠረው ወይስ ሁለት ጊዜ? ሌሎች ሞዴሎችን ቀላቀለ? (በ1876 ሞዴልም «ከሺህ አንዱ» የሚል ደረጃ ነበር፤ ለዚያ የሚጠቀሰው ብዛት 54 ነው።) የሦስት ጠመንጃ ልዩነት ጥቂት ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን በገበያ ላይ የቀረበው አንድ ጠመንጃ ከእነዚያ ከሦስቱ አንዱ ሊሆን ስለሚችል ልዩነቱ ለገዢው ትልቅ ነው።

ወደ መዝገብ ከመሄድ በፊት ጠመንጃውን ራሱን በትክክል ማንበብ ያስፈልጋል። በ1873 ሞዴል ላይ መለያ ቁጥሩ የተመታው ከቃታው በስተኋላ ወደ ሰደፉ በሚዘልቀው የታችኛው የብረት ምላስ ላይ ነው። ብረቱ ተፍቆ ወይም ዝጎ ከሆነ ብርሃኑን ከጎን በማሳረፍ እያንዳንዱን አኃዝ ለብቻው መመልከት ይገባል፤ 3 እና 8፣ 1 እና 7 በቀላሉ ይምታታሉ። ከቁጥሩ በኋላ ኤ ወይም ቢ የሚሉ የላቲን ፊደላት ካሉ እነሱም አብረው ይገለበጡ። በተዋቡት ጠመንጃዎች ላይ ደግሞ ሌላ አነስተኛ ቁጥር ይገኛል፤ በላይኛው የብረት ምላስ ጎን፣ ሰደፉ በሚገጠምበት እንጨት ውስጥ እና በሰደፉ መጨረሻ ባለው ብረት ውስጠኛ ገጽ ላይ ተመሳሳይ ሆኖ ይመታል። ይህ እርስ በርስ እንዲገጥሙ የተዘጋጁት ክፍሎች እንዳይለያዩ ሠራተኞች የተጠቀሙበት የመገጣጠሚያ ቁጥር ነው፤ ከመለያ ቁጥሩ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ይህን ባለሁለት ወይም ባለሦስት አኃዝ ቁጥር አይቶ «ከመጀመሪያዎቹ መቶዎች የተሠራ ነው» ብሎ የሚሸጥ ሰው ሲያጋጥም ሊደነቅ አይገባም። ቁጥሩ በሦስቱም ቦታ አንድ ከሆነ ግን እንጨቱ የጠመንጃው የራሱ ለመሆኑ ጥሩ ምስክር ነው። ሰደፉን መፍታት የሚገባው አሠራሩን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው፤ የተሸረፈ የብሎን ጭንቅላት የጠመንጃውን ዋጋም ታሪኩንም ይጎዳል።

የዊንቸስተር የፋብሪካ መዝገቦች ዛሬ የሚገኙት በዋዮሚንግ ግዛት፣ በኮዲ ከተማ ባለው የኮዲ የጦር መሣሪያ ሙዚየም ነው። ሙዚየሙ መለያ ቁጥሩን ተቀብሎ፣ በክፍያ፣ መዝገቡ ስለዚያ ጠመንጃ የሚለውን በደብዳቤ ያረጋግጣል። ደብዳቤው አብዛኛውን ጊዜ የጥይቱን መጠን፣ የቱቦውን ዓይነት፣ የቃታውን ዓይነት፣ ወደ መጋዘን የገባበትንና የወጣበትን ቀን እና የትእዛዝ ቁጥሩን ይይዛል። ለማን እንደተሸጠ ግን በአብዛኛው አይናገርም፤ ስለዚህ «የእገሌ ጠመንጃ ነበር» የሚለው ትረካ በሌላ ሰነድ መረጋገጥ አለበት። መዝገቡም ሁሉንም አይሸፍንም። ለ1873 ሞዴል ከ1 እስከ 720,496 ድረስ፣ ጥቂት ክፍተቶች ቢኖሩበትም፣ ተጠብቋል፤ ከዚያ እጅግ በሚበልጥ ብዛት ለተሠራው ለ1894 ሞዴል ግን እስከ 353,999 ብቻ ነው ያለው። እርስዎ የሚመረምሩት ቁጥር ከመዝገቡ ውጭ ከሆነ፣ የደብዳቤው አለመኖር በጠመንጃው ላይ ጥርጣሬ አይፈጥርም።

በዘመን አቆጣጠሩም ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። መለያ ቁጥሩ በብረቱ ላይ በተመታበት፣ ጠመንጃው ተገጣጥሞ መጋዘን በገባበት እና በተላከበት ቀን መካከል ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። በመጻሕፍት የታተሙት የዘመን ሠንጠረዦች ከፋብሪካው የራሱ ሰነድ ጋር የማይስማሙበት ጊዜ ስላለ፣ የዓመታዊ ምርት ብዛት ከሠንጠረዥ ሲወሰድ ሠንጠረዡ የትኛውን ቀን እንደሚከተል መጻፍ ይገባል። በአሜሪካ ለሚኖር ሰብሳቢ ይህ የሕግ ጉዳይም ነው፤ በ1968 በወጣው የፌዴራል ሕግ መሠረት «ጥንታዊ» የሚባለው በ1898 ወይም ከዚያ በፊት የተሠራ ስለሆነ፣ በድንበሩ ላይ ለሚገኝ ጠመንጃ የአንድ ዓመት ልዩነት ሁሉን ይለውጣል።

መዝገብ ለሌላቸው ጠመንጃዎች መንገዱ ሌላ ነው፤ ለእኛም ቅርብ የሆኑት እነዚህ ናቸው። ግብፅ በ1869 ከሬሚንግተን ኩባንያ 60,000 ጠመንጃ ለማስሠራት ተዋዋለች። በቀጣዩ ዓመት ፈረንሳይና ፕሩሺያ ሲዋጉ ለግብፅ ከተሠሩት ብዙዎቹ ወደ ፈረንሳይ ተላኩ፤ ግብፅ የራሷን ያገኘችው በኋላ ነው። በ1875 በጉንደት፣ በ1876 በጉራ የዐፄ ዮሐንስ ሠራዊት የግብፅን ጦር ድል ሲያደርግ ከማረካቸው መሣሪያዎች ውስጥ እነዚህ ሬሚንግተኖች ይገኙ ነበር። አሁን አንድ ሰው «ኢትዮጵያ የደረሰው ሬሚንግተን ስንት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ 60,000 የሚለው የውል ቁጥር ምንም አይመልስለትም። ከወታደራዊ ሬሚንግተኖች አብዛኞቹ መለያ ቁጥር የሌላቸው በመሆኑም ከብረቱ ላይ ብዙ አይገኝም። ስለዚህ አጥኚው ወደ ውል ሰነዶች፣ ወደ ምርኮ ዘገባዎች እና ወደ ዘመኑ ደብዳቤዎች መዞር ይኖርበታል። የምርኮ ብዛት ድል አድራጊውና ተሸናፊው በተለያየ መንገድ የሚጽፉት ስለሆነ፣ የሁለቱንም ወገን ዘገባ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይገባል።

በአገራችን ውጅግራ የምንለው፣ የ1874 የፈረንሳይ ግራ ጠመንጃም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በብረቱ ላይ የተጻፈው የፋብሪካ ስም ሴንት ኤቲየን፣ ሻቴሌሮ ወይም ቱል መሆኑን ይለያል፤ በኦስትሪያ የሚገኘው የሽታየር ፋብሪካም ለግሪክ ሠርቶታል፤ ስለዚህ የፈረንሳይን ምርት ብቻ የደመረ ሰው ጠቅላላውን አላገኘም። የፈረንሳይ የጦር መሣሪያ ማምረቻዎች ሰነድ በሻቴሌሮ ከተማ በሚገኘው የመከላከያ መዛግብት ማእከል ተጠብቋል። የቤተሰብ ውጅግራ ያለው ሰው ስለ ጠመንጃው ትውልድ ከዚያ ሊጠይቅ ይችላል፤ አያቱ ዘንድ እንዴት እንደደረሰ ግን የሚያውቁት በአብዛኛው የቤተሰቡ ሽማግሌዎች ናቸው፤ እነሱን በሕይወት ሳሉ ጠይቆ፣ ስምና ቦታ ጨምሮ መጻፍ ከማንኛውም የመዝገብ ቤት ጉዞ መቅደም አለበት።

የተረፉትን ብዛት ማወቅ ለብቻው የሚሠራ ሥራ ነው። በ1950 አንድ የሆሊውድ ፊልም ኩባንያ «ከሺህ አንዱ» ጠመንጃዎችን በመላ አሜሪካ ሲያፈላልግ፣ ሰብሳቢዎች የማያውቋቸው በርካቶች ከየቤቱ ብቅ አሉ፤ እስከዚያ ድረስ የሚታወቀው ብዛት ከእውነተኛው እጅግ ያነሰ ነበር። የራስዎን ዝርዝር ሲያዘጋጁ ለእያንዳንዱ ጠመንጃ ሙሉ መለያ ቁጥሩን፣ የታየበትን ቦታና ዓመት፣ ፎቶግራፉን ያዩ መሆንዎንና አለመሆንዎን ይመዝግቡ። አንድ ጠመንጃ በየዓመቱ በተለያየ ጨረታ ሊወጣ ስለሚችል ሙሉ ቁጥሩ የሌለው ግቤት በድምሩ ውስጥ አይቆጠር። «ከሺህ አንዱ» የሚለው ጽሑፍ በተራ ጠመንጃ ላይ በኋላ ዘመን ሊቀረጽ ስለሚችልም፣ የመዝገብ ደብዳቤ ያለውንና የሌለውን በተለያየ ዓምድ ያስፍሩ።

ለግምት የሚረዱ ሁለት የሒሳብ መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው የተረፉትን የሚገምት ሲሆን፣ እርስ በርሳቸው ሳይገለባበጡ የተሠሩ ሁለት ዝርዝሮችን ያነጻጽራል። አንዱ 40፣ ሌላው 30 ጠመንጃ ቢይዝና 12ቱ በሁለቱም ላይ ቢገኙ፣ 40ን በ30 አባዝቶ ለ12 ማካፈል 100 ገደማ ይሰጣል። ሁለተኛው የተሠራውን ይገምታል፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጀርመንን የታንክ ምርት ለመገመት ጥቅም ላይ ውሏል። 20 ጠመንጃ ታይቶ ትልቁ መለያ ቁጥር 1,400 ቢሆን፣ 1,400ን ለ20 አካፍሎ የሚገኘው 70 በ1,400 ላይ ተደምሮ 1 ሲቀነስ 1,469 ይሆናል። ይህ የሚሠራው ቁጥሩ ከ1 ጀምሮ ሳይቋረጥ ለዚያ ጠመንጃ ብቻ የተሰጠ ከሆነ ነው። «ከሺህ አንዱ» ጠመንጃዎች በመላው የ1873 ሞዴል ቁጥር ውስጥ ተበታትነው ስለሚገኙ በዚህ ቀመር ብዛታቸውን መፈለግ ከንቱ ድካም ነው።

ውጤቱን ሲጽፉ ቁጥሩን ብቻውን አያስቀምጡት። ለምሳሌ «በፋብሪካው መዝገብ በዚህ ደረጃ የተመዘገቡ፣ ለጥገና የተመለሱት አንድ ጊዜ ብቻ የተቆጠሩ» ወይም «በሙሉ መለያ ቁጥራቸው የታወቁ፣ እስከዚህ ዓመት የታዩ» ብለው ይግለጹት፤ ግምት ከሆነም የተሰላበትን መንገድና የናሙናውን ብዛት አብረው ያስፍሩ። አዲስ ጠመንጃ ሲገኝ የድሮውን ድምር ሳይሰርዙ፣ አዲሱን ከነቀኑ ከሥሩ ይጻፉ።