የኤሌክትሪክ ጊታር ሃም፦ ክሩን ስትነኩ ድምፁ ምን ይሆናል?

ጊታር አምፕ (ድምፅ ማጉያ) ላይ ሲሰካ «እምምም» የሚል ጩኸት፣ ማለትም ሃም፣ ማሰማት ከጀመረ ብዙ ተጫዋች መጀመሪያ የሚጠረጥረው ፒክአፑን (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረውን ባለ ማግኔት የሽቦ ጥቅል) ነው። ገንዘብ አውጥቶ አዲስ ያስገጥማል፤ ሃሙ ግን እዚያው አለ። እኔ ፒክአፕ የመጨረሻው ተጠርጣሪ መሆን አለበት ባይ ነኝ። ከሱ በፊት የግድግዳው ሶኬት አለ፣ ኬብሉ አለ፣ ብሪጁ (ክሮቹ ታች የሚያርፉበት ብረት) ስር የተበጠሰች ቀጭን ሽቦ አለች። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ካቻቢቴ ሳታነሱ፣ በእጃችሁና በጆሯችሁ ብቻ ብዙውን ማወቅ ትችላላችሁ። ቅደም ተከተሉን ግን አትዝለሉ።

ምልክት፦ ሃሙ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም

አምፑን አብሩና ኬብሉን ከአምፑ ንቀሉት። ሃሙ ካልጠፋ ጊታሩ ነጻ ነው፤ ችግሩ አምፑ ወይም የኮረንቲ መስመሩ ጋ ነው። ከጠፋ ኬብሉን መልሳችሁ የጊታሩን ቮልዩም ዜሮ ላይ አድርጉት። አብዛኛው ጊታር ላይ ቮልዩሙ ዜሮ ሲሆን ሲግናሉ (ወደ አምፑ የሚሄደው የድምፅ ኮረንቲ) ከግራውንድ (ከመሬት መስመሩ) ጋር ስለሚገናኝ ከፒክአፕ የሚመጣ ነገር አይሰማም። ዜሮ ላይም ሃሙ ከቀጠለ ኬብሉን ወይም የጊታሩን ጃክ (ኬብሉ የሚሰካበትን ቀዳዳ) ጠርጥሩ። ዜሮ ላይ ጠፍቶ ስትከፍቱት የሚመለስ ከሆነ ምንጩ ፒክአፑ ወይም የውስጥ ሽቦው ነው።

ኬብሉን በሌላ ኬብል ቀይሮ መሞከር ጊዜ አይፈጅም። የስፒከር ኬብልና የጊታር ኬብል ጫፋቸው አንድ ዓይነት መሆኑን ግን አትርሱ። የስፒከሩ ውስጡ ሁለት ተራ ሽቦ ብቻ ነው፤ ሲግናሉን ዙሪያውን የሚሸፍን የሽቦ መረብ የለውም። ጊታር ላይ ከሰካችሁት አካባቢው ያለውን የኮረንቲ ጩኸት ሁሉ ለቅሞ ያመጣል።

ሃሙ ከአምፑ የሚመጣ ከሆነ ኖታው ራሱ ይናገራል። ወፍራሙን ክር ሦስተኛው ፍሬት ላይ ይዛችሁ ምቱት፤ ይህ ጂ ኖታ 98 ኸርዝ ነው። የአምፑ ሃም ከሱ ጋር ተቀራራቢ፣ በጣም ትንሽ ብቻ ከፍ ያለ ከሆነ 100 ኸርዝ ነው። የኢትዮጵያ ኮረንቲ 50 ኸርዝ ሲሆን አምፑ ውስጥ ወደ ዲሲ ሲለወጥ እጥፉን ይሰጣል፤ ኬብል ሳይሰካም ጎልቶ የሚሰማ 100 ኸርዝ ብዙ ጊዜ የፓወር ሰፕላዩ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ክፍሎች) ማርጀታቸውን ያመለክታል። አንድ ኦክታቭ ዝቅ ብሎ የሚሰማው 50 ኸርዝ ደግሞ በአመዛኙ ከትራንስፎርመር ማግኔት ወይም ሁለት ዕቃዎች በሁለት መንገድ ግራውንድ ሲጋሩ ከሚፈጠረው ሉፕ የሚመጣ ነው። አሜሪካ ያላችሁ የምትሰሙት 60 እና 120 ኸርዝ ነው፤ ወደ ቢ ኖታ ይጠጋል፣ ግን ከሱ ዝቅ ይላል።

አምፑን ራሳችሁ አትክፈቱት። በተለይ የቲዩብ አምፕ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሮቹ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ሊያቆይ ይችላል። ይህ የባለሙያ ሥራ ነው።

ከአሜሪካ የመጣ የ120 ቮልት አምፕ ያላችሁ ደግሞ መቀነሻ ትራንስፎርመሩን ተመልከቱ። ጊታሩ አጠገብ ከተቀመጠ የራሱን ማግኔታዊ ሃም ቀጥታ ወደ ፒክአፑ ይልካል፤ ሁለት ሦስት ሜትር ማራቅ ብቻውን ልዩነት ያመጣል። ከዚህ የሚከፋው ግን ትራንስፎርመሩ ወይም ማከፋፈያው ባለ ሁለት ቀዳዳ ሆኖ የአምፑ ግራውንድ እዚያ ላይ ተቆርጦ ሲቀር ነው። ሃሙን ለማጥፋት ብሎ የግራውንድ እግሩን የሚቆርጥ ሰው አይቻለሁ፤ ይህን በፍጹም አታድርጉ። የጊታሩ ክሮች በአምፑ በኩል ከግራውንድ ጋር የተያያዙ ናቸው። እጃችሁ ክሩ ላይ ሆኖ ከንፈራችሁ ማይክ ሲነካ ንዝረት ከተሰማችሁ መጫወት አቁሙ። መልቲሜትሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርጋችሁ በክሩና በማይኩ ብረት መካከል ለኩ። ከጥቂት ቮልት በላይ ካነበባችሁ ኤሌክትሪሺያን መስመሩን ሳያስተካክል ማንም እንዳይነካው። ለሙዚቀኛ ሕይወት ከዚህ ፈተና የሚበልጥ የለም።

ምልክት፦ ክሩን ስትነኩ ድምፁ ይለወጣል፣ ወይም አይለወጥም

ኬብሉ ደህና፣ አምፑም ደህና ከሆነ፣ ቮልዩሙን ከፍታችሁ እጃችሁን ከጊታሩ ላይ አንሱ። ከዚያ ክሮቹን በመዳፋችሁ ንኩ። ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል።

*ጥዝዝታው (የኮረንቲው ጩኸት) ይቀንሳል።* የግራውንድ ሽቦው ሥራውን እየሠራ ነው ማለት ነው። ሰውነታችሁ የአካባቢውን የኮረንቲ ጩኸት ሰብስቦ ወደ ፒክአፑ ያቀርበዋል፤ ክሩን ስትነኩ ወደ ግራውንድ ይፈስሳል። የጎደለው ሺልድ (ጩኸቱን የሚከልል የመዳብ ሽፋን) ነው፣ ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

*ምንም ለውጥ የለም።* ከብሪጁ የሚመጣው የግራውንድ ሽቦ ተበጥሷል ወይም ለቋል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ኬብሉን ጊታሩ ላይ ሰክታችሁ ሌላውን ጫፍ በእጃችሁ ያዙ፤ አንዱን የመልቲሜትር ጫፍ ክሩ ላይ፣ ሌላውን በያዛችሁት የኬብል ጫፍ ወገብ (ረጅሙ የብረት ክፍል) ላይ አድርጉ። ወደ ዜሮ ኦም የተጠጋ ንባብ ካልመጣ ሽቦው የለም። ስትራቶካስተር ላይ ይህ ሽቦ ከኋላ የትሬሞሎ ስፕሪንጎቹን የሚይዘው ብረት ላይ የተበየደ ነው። ቴሌካስተር ላይ ብሪጁ ስር ተጨፍልቆ ይቀመጣል። ሌስ ፖል ዓይነት ላይ ደግሞ ክሩን የሚይዘው ብረት ቀዳዳ ውስጥ ይገባል። የስትራቱ ብረት ትልቅ ስለሆነ ትንሽ መበየጃ አያሞቀውም፤ 60 ዋት ወይም ከዚያ በላይ ያዙ፣ ብረቱን አስቀድማችሁ በሸካራ ወረቀት ፈግፍጉት። እንደ ኢኤምጂ ያሉ ባትሪ የሚጠቀሙ ፒክአፖች ግን ከዚህ ውጭ ናቸው። አምራቹ ራሱ የብሪጁ ሽቦ እንዳይገናኝ ያዛል፤ እነሱ ላይ «ለውጥ የለም» ጤንነት ነው።

*ይብሳል።* ክሩን ስትነኩ ከጮኸ ጃኩ ላይ ሁለቱ ሽቦዎች ቦታ ተለዋውጠዋል፤ ክሮቹ ከግራውንድ ይልቅ ከሲግናሉ ጋር ተያይዘዋል። ይህ በተለይ ጃክ ከተቀየረ በኋላ የሚመጣ ነው። ሲግናሉ የኬብሉን ጫፍ ከሚነካው ምላስ ጋር፣ ግራውንዱ ክቡን አካል ከሚነካው ጋር መሆን አለበት። ሁለቱን አቀያይራችሁ በይዱ፤ ያበቃል።

ምልክት፦ ጊታሩን ስታዞሩ ሃሙ ይጠፋል፣ ይመለሳል

ፊታችሁን ወደ አምፑ አድርጋችሁ ቀስ እያላችሁ ዙሩ። አንድ ቦታ ላይ ሃሙ ወደ ዜሮ ከተጠጋ የምትሰሙት ማግኔታዊ ሃም ነው፤ ባለ አንድ ጥቅል ፒክአፕ ተፈጥሮው ይኸው ነው። ብዙ ሰው የጊታሩን ውስጥ በመዳብ ቴፕ ሸፍኖ ሃሙ አለመጥፋቱ የሚያናድደው እዚህ ላይ ነው። መዳብ ጥዝዝታውን ይከላከላል፤ በ50 ኸርዝ የሚመጣ ማግኔትን ግን አያግድም። የጊብሰኑ መሐንዲስ ሴት ላቨር በ1955 ፓተንት የጠየቀበት ባለ ሁለት ጥቅል ፒክአፕ መልስ የሰጠው ለዚህ ጥያቄ ነው፦ ሁለቱ ጥቅሎች የተጠመጠሙበት አቅጣጫም ማግኔታቸውም ተቃራኒ ስለሆነ ሃሙ እርስ በርሱ ሲጠፋፋ የክሩ ድምፅ ይደመራል። ባለ አንድ ጥቅል ድምፅ የምትወዱ ከሆነ ከአምፑ ራቁ፣ ከስታቢላይዘርና ከፍሎረሰንት መብራት ሽሹ፣ ወይም ሁለት ፒክአፕ በአንድ ላይ በሚሠራበት የስዊች ቦታ ተጫወቱ።

ይህ የመጨረሻው የሚሠራው ግን ከሁለቱ አንዱ ፒክአፕ (ስትራት ላይ የመሃሉ) በተቃራኒ የተጠመጠመና ማግኔቱም የተገለበጠ ከሆነ ብቻ ነው።

ምልክት፦ ፒክአፕ ከተቀየረ በኋላ ድምፁ ቀጠነ

ሁለት ፒክአፕ አንድ ላይ ስታደርጉ ድምፁ አፍንጫ ውስጥ የገባ ያህል ቀጥኖ ባሱ ከጠፋ ፌዛቸው (የድምፅ ሞገዳቸው አቅጣጫ) ተቃርኗል። «የአንዱን ሽቦ ገልብጥ» የሚለው ምክር የተለመደ ነው፤ ግማሽ እውነት ነው። ከመበየጃው በፊት ሃሙን አዳምጡ።

ድምፁ ቀጭን ሆኖ ሃሙም ካለ፣ ማግኔቶቹ ተቃራኒ ናቸው፣ የተሳሳተው ሽቦው ብቻ ነው። የአንዱን ፒክአፕ ሁለት ሽቦ አቀያይሩ፤ ድምፁ ይሞላል፣ ሃሙም ይጠፋል። ድምፁ ቀጭን ሆኖ ሃሙ ግን ከጠፋ ማግኔቶቹ አንድ ዓይነት ናቸው። ሽቦውን ብትገለብጡ ድምፁ ይሞላል፣ ሃሙ ግን ይመለሳል። ሁለቱንም ከፈለጋችሁ የአንዱ ማግኔት መገልበጥ አለበት ወይም በተቃራኒ የተሠራ ፒክአፕ መግዛት ነው። ይህን ቀድሞ የሚያውቅ ሰው ከሻጩ ጋር ሲነጋገር ምን እንደሚጠይቅ ያውቃል።

ሽቦ ስትገለብጡ አንድ ወጥመድ አለ። የቴሌካስተር አንገት ፒክአፕ የብረት ክዳኑ ከአንዱ ሽቦ ጋር የተያያዘ ነው። ዝም ብላችሁ ከገለበጣችሁት ክዳኑ ሲግናል ይሸከምና በነካችሁት ቁጥር ይጮኻል። ክዳኑን ከዚያ ሽቦ ለይታችሁ ለብቻው ግራውንድ አድርጉት።

ባለ አራት ሽቦ ሃምበከር (ባለ ሁለት ጥቅል ፒክአፕ) ላይ ስህተቱ አብዛኛውን ጊዜ ከቀለም ይመጣል፤ ለሁሉም አምራች የሚሠራ የቀለም ሕግ የለምና። ሲሞር ደንከን ላይ ጥቁሩ ሲግናል ነው፣ ነጭና ቀይ ይያያዛሉ፣ አረንጓዴና ራቁቱ ሽቦ ግራውንድ ናቸው። ዲማርዚዮ ላይ ሲግናሉ ቀዩ ነው፣ ጥቁርና ነጭ ይያያዛሉ፣ አረንጓዴና ራቁቱ ግራውንድ ናቸው። የዲማርዚዮን ፒክአፕ በደንከን ንድፍ ከበየዳችሁት አንዱ ጥቅል ይገለበጣል፤ ሃምበከሩ ብቻውን እያለ ቀጭን ድምፅና ብዙ ሃም ይሰጣል። ያንን ስትሰሙ ፒክአፑ ተበላሽቷል አትበሉ።

ስሙ የማይታወቅ ፒክአፕ ከሆነ ቀለሙን ትታችሁ ለኩ። ከአራቱ ሽቦዎች መካከል እርስ በርስ ኦም የሚያሳዩትን ጥንዶች ፈልጉ፤ እያንዳንዱ ጥንድ አንድ ጥቅል ነው፣ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ኪሎ ኦም ያነባል። ከዚያ መልቲሜትሩን 200 ሚሊ ቮልት ዲሲ ላይ አድርጉ፣ የካቻቢቴውን ብረት የዚያ ጥቅል ብረቶች ላይ አስተኝታችሁ በፍጥነት አንሱት። ቁጥሩ ለቅጽበት ወደ ፖዘቲቭ ወይም ወደ ኔጌቲቭ ይዘልላል። ዲጂታሉ ዘገምተኛ ስለሆነ ደጋግሙት፤ ባለ ቀስት ሜትር ካላችሁ እሱ ይሻላል። ስታነሱ ፖዘቲቭ የሰጠው ጊዜ ቀዩ የሜትር ጫፍ የነካው ሽቦ የጥቅሉ ፖዘቲቭ ነው። የአንዱን ጥቅል ኔጌቲቭ ከሌላው ፖዘቲቭ ጋር አያይዙ፤ የቀሩት ሁለቱ ሲግናልና ግራውንድ ናቸው። ጥቅሉን በስዊች የሚከፍል ንድፍ ካስገባችሁ ደግሞ በተከፈለበት ቦታ ሃም መምጣቱ ጥፋት አይደለም፤ አንድ ጥቅል ብቻ ነው የቀረው።

ምልክት፦ ጥዝዝታው አልፎ አልፎ ይመጣል፣ ወይም ሽቦ ሲነካ ይንኳኳል

ብየዳ ነው። የሞተ ብየዳ ፊቱ ደብዛዛና ኳስ የመሰለ ነው፤ ፖቱ (የቮልዩም ማዞሪያው ክፍል) ጀርባ ላይ ያለው ከሁሉ ይበልጥ ይጠረጠራል። የፖቱን ጀርባ ቧጥጣችሁ መጀመሪያ ብረቱን አሙቁ፣ ሊዱ ራሱ ቀልጦ ይዘርጋ። ለቧንቧ የሚሸጠውን አሲድ ያለበት ማጽጃ አትጠቀሙ፤ ሽቦውን ይበላዋል።

ሺልዱን በተመለከተ፣ ጊታሩ የተቦረቦረበትን ቦታ ሁሉ በመዳብ ቴፕ ሸፍኑ፣ ቴፖቹ እርስ በርስ መገናኘታቸውን በመልቲሜትር አረጋግጡ፣ ከዚያ በአንድ ሽቦ ከፖቱ ጀርባ ጋር አያይዙት። ያልተያያዘ ሺልድ ዋጋ የለውም። ጃኩ አካባቢ ግን ተጠንቀቁ፤ ኬብሉ ሲገባ የሲግናሉ ምላስ ወደ ውጭ ይገፋል፣ መዳቡን ከነካ ጊታሩ ጭራሽ ዝም ይላል። እዚያ ጋ የኤሌክትሪክ ቴፕ ደርቡበት።

ክራር ላይ ሲሆን

የብረት ክር ያለውና ማግኔታዊ ፒክአፕ የተገጠመለት ክራር እስካሁን ያልኩት ሁሉ ይሠራበታል፤ ክሮቹ የታሰሩበትን ብረት ከግራውንድ ጋር ማያያዝ ነው። የናይለን ክር ያለውና ፒዬዞ (ንዝረትን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ስስ ሴንሰር) የተለጠፈበት ክራር ግን ሌላ ነው። ክሩ ኮረንቲ ስለማያስተላልፍ የመንካት ፈተናው አይሠራም። ፒዬዞ ደግሞ በተፈጥሮው ከፍተኛ ኢምፒዳንስ (የኮረንቲን ፍሰት የመቋቋም መጠን) ስላለው በተራ ሽቦ ከተገናኘ ወዲያው ይጠዘጥዛል። ከፒዬዞው እስከ ጃኩ ያለው ሽቦ አጭርና ሺልድ ያለው ይሁን፣ ፒዬዞውንም በስሱ በመዳብ ቴፕ ሸፍናችሁ ቴፑን ከጃኩ ግራውንድ ጋር አገናኙት፤ በመሃል ግን ማገጃ ፕላስቲክ አስገቡ። ከዚያ ወደ ሚክሰሩ ቀጥታ ከመስካት ይልቅ መግቢያው 1 ሜጋ ኦም ወይም ከዚያ በላይ በሆነ ፕሪአምፕ በኩል አሳልፉት፤ የቀጠነው ባስም አብሮ ይመለሳል።