ስንታረቅና ስናስታርቅ የምንሠራቸው ስህተቶች

ሰሞኑን አንድ ወጣት እዚህ ደብረ ብርሃን ቤቴ መጣ። ከአጎቱ ልጅ ጋር በብድር ተጣልተው፣ ከታረቁ 3 ወር ሆኗቸዋል። «ጋሼ፣ ይቅር ብዬዋለሁ። ግን መንገድ ላይ ሳየው ደሜ ይፈላል። ክርስትናዬ ውሸት ነው ማለት ነው?» አለኝ። እርቁ እንዴት እንደነበር ጠየቅሁት። ሽማግሌዎቹ ገቡ፣ «ለእግዜር ብላችሁ» አሉ፣ ተሳሳሙ፣ ጠላ ተቀዳ። ምን እንደተበደለ ግን ማንም አልጠየቀውም።

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። በደሉ በስሙ ሳይጠራ ማስታረቅ። እኛ ሽማግሌዎች ነገር ቶሎ መዝጋት እንወዳለን። ጾም ሊገባ ነው፣ በዓል ደርሷል፣ ሰው ምን ይለናል እንላለን። ከዚያ ተበዳዩን ከበን «ተው፣ አንተ ትሻላለህ» እንለዋለን። ሰውየው ሲጨንቀው «እሺ» ይላል። እሺ ያለው ለእኛ ነው፤ ለበደለው ሰው አይደለም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ማቴዎስ 18ን ረጋ ብላችሁ አንብቡት። እልፍ መክሊት ዕዳ የነበረበት ባሪያ ታሪክ ነው። ንጉሡ መጀመሪያ ያደረገው ሒሳቡን ማየት ነው። ዕዳው 10,000 መክሊት መሆኑ በፊቱ ተነገረ። ከዚያ በኋላ ነው ሁሉንም የተወለት። ያልተቆጠረ ዕዳ እንዴት ይተዋል?

እኔም ይህን ስህተት ሠርቻለሁ። መንዝ ውስጥ ሁለት ወንድማማቾች በወሰን ተጣልተው ነበር። ታላቁ ባሕር ዛፍ እየተከለ ወደ ታናሹ መሬት ገፍቷል። ሑዳዴ ሊገባ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ታናሹ መናገር ሲጀምር «በቃ፣ ያለፈው አልፏል» ብዬ አቋረጥኩት። ተሳሳሙ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ። ክረምት ላይ ታናሹ ዛፎቹን በመጥረቢያ ጣላቸው። ተደባደቡ፣ የታላቁ እጅ ተሰበረ። ያንን እጅ ባየሁ ቁጥር ያቋረጥኩት ንግግር ትዝ ይለኛል። ሁለተኛ ስንቀመጥ ታናሹ ከጠዋት እስከ እኩለ ቀን አወራ። ታላቁ አንገቱን ደፍቶ ሰማውና «እውነት ነው፣ ገፍቻለሁ» አለ። ይሄኔ ታናሹ ራሱ ተነስቶ ሳመው። ማንም አልለመነውም።

በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል ወደ ከተማችን የተሰደዱ ሰዎችም ነበሩ። ቤቱ ተቃጥሎበት ለመጣ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ስለ ይቅርታ አትስበኩ። ውሃ ስጡት፣ አብራችሁት አልቅሱ።

ሌላው «ካስቀየምኩህ ይቅርታ» የሚባለው ነው። «ካ» ምን ትሠራለች እዚያ? ምን እንዳደረግህ ታውቃለህ፤ እሱን ተናገር። ጾም ሲገባ በቴሌግራም ለሁሉም የሚላከው «በማወቅም ባለማወቅም የበደልኳችሁ» የሚለው መልእክትም ቤቱ ድረስ ሄዳችሁ ልታናግሩት የሚገባውን ሰው አይተካም።

የወሰዳችሁትን መልሱ። ዘኬዎስ «አራት እጥፍ እመልሳለሁ» ነው ያለው።

ለንስሐ አባት ነግሮ ለጎረቤት ዝም ማለትም አለ። ካህኑ «እግዚአብሔር ይፍታህ» ቢሉህም የጎረቤትህ በግ አሁንም በረትህ ውስጥ ነው።

አንዳንዱ ደግሞ «ቂም አለብኝ» እያለ ለዓመታት ከቅዱስ ቁርባን ይርቃል። ይህን እንደ ትሕትና የሚቆጥሩ ብዙ ጥሩ ሰዎች አውቃለሁ፤ በጣም ያሳዝኑኛል። ማቴዎስ 5 መባህን ትተህ ሂድ፣ ታረቅ፣ ከዚያ ተመልሰህ መባህን አቅርብ ነው የሚለው። «ሄደህ እዚያው ቅር» አይልም።

አንድ ነገር ደግሞ ያስቆጣኛል። ባሏ የሚደበድባትን ሴት «ይቅር በይና ተመለሽ» ማለት። ይቅር ማለትና ወደ ዱላው መመለስ ሁለት ነገር ናቸው። ዮሴፍ ወንድሞቹን ይወዳቸው ነበር፤ ማንነቱን የገለጠላቸው ግን መለወጣቸውን ካየ በኋላ ነው። እሷ በልቧ ቂም ሳትይዝ እናቷ ቤት ልትቆይ ትችላለች። ክስ ብታቀርብም ክርስትናዋ አይጎድልም። እህቶቼ፣ ሽማግሌ ተብሎ የመጣ ሰው ሌላ ቢነግራችሁ አትስሙት።

ታርቆ ሲያበቃ ነገሩን ቡና ላይ የሚያወራ ሰው እርቁን ራሱ አፍርሶታል።

ወደዚያ ወጣት ልመለስ። ደምህ መፍላቱ ይቅር አለማለትህን አያሳይም አልኩት። ጴጥሮስ «እስከ ሰባት ጊዜ ይቅር ልበል?» ብሎ ሲጠይቅ ጌታ «እስከ ሰባ ጊዜ ሰባት» ነው ያለው። እኔ ይህን ለአዲስ በደል ብቻ አላነበውም። አንዱ የድሮ በደል ራሱ ሰባ ጊዜ ትዝ ይላል፤ ትዝ ባለህ ቁጥር እንደገና ትተዋለህ። ለዛሬ ያለህን ስጥ።

ቅዳሜ ከአጎቱ ልጅ ጋር እንደገና እንቀመጣለን። ያበደረውን ብር ከነቀኑ ጽፎ እንዲመጣ ነግሬዋለሁ።