«27,000 ሥራ አለ» ሲሉዎት፦ በዲስኤቢሊቲ ችሎት የሥራ ቁጥርን እንዴት መሞገት ይቻላል?

የአሜሪካ ሶሻል ሴኩሪቲ የዲስኤቢሊቲ ችሎት፣ ማለትም በሕመም ወይም በጉዳት መሥራት ያልቻለ ሰው የሚከፈለውን ገንዘብ የሚጠይቅበት ችሎት፣ ረጅም አይደለም። ብዙውን ጊዜ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። መጨረሻው አካባቢ አንድ ባለሙያ፣ አብዛኛውን ጊዜ በስልክ፣ ይመሰክራሉ። ቮኬሽናል ኤክስፐርት (የሥራ ጉዳይ ባለሙያ) ይባላሉ። ዳኛው «እንዲህ ያለ አቅም ያለው ሰው ምን መሥራት ይችላል?» ብለው ይጠይቃሉ። ባለሙያው ሦስት የሥራ ስምና ሦስት ቁጥር ይጠራሉ። አስተርጓሚው ትንፋሹን ሳይሰበስብ ችሎቱ ያበቃል። ብዙ ሰው ጉዳዩ እዚያች ጥቂት ደቂቃ ላይ እንደተወሰነበት የሚያውቀው፣ የእምቢታው ደብዳቤ ቤቱ ሲደርስ ነው።

ስለዚህ ለእነዚያ ደቂቃዎች ተዘጋጅተው ይግቡ። አንድ ነገር ከልብዎ ይያዙ፦ ሕጉ ጉዳይዎን በአምስት ደረጃ ነው የሚያየው። እስከ አራተኛው ድረስ ማስረዳት የእርስዎ ድርሻ ነው። አምስተኛው ላይ ግን ሸክሙ ወደ መንግሥት ይዞራል። እርስዎ ሊሠሩት የሚችሉት ሥራ በአገሪቱ በበቂ ቁጥር መኖሩን ማሳየት ያለበት እሱ ነው። «ቁጥሩ ከየት መጣ?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም፤ መብትዎ ነው።

መጀመሪያ ዕድሜዎን ይዩ

እዚህ የምናወራው ቁጭ ተብሎ ስለሚሠራና ሙያ ስለማይጠይቅ ሥራ ነው። ቁጭ ተብሎ የሚሠራ ማለት በስምንት ሰዓት ውስጥ ስድስት ሰዓት ያህል መቀመጥ፣ ከ10 ፓውንድ (4.5 ኪሎ ገደማ) በላይ አለማንሳት ነው። ሙያ የማይጠይቅ ማለት ደግሞ ቢበዛ በ30 ቀን የሚለመድ ነው።

50 ዓመት ከሞላዎት፣ አቅምዎ ለዚህ ሥራ ብቻ ከሆነና የቀድሞ ሥራዎ ሙያ የማይጠይቅ ከነበረ፣ ደንቡ በአብዛኛው ለእርስዎ ይፈርዳል። ያኔ የቁጥር ክርክር ውስጥ መግባት ላያስፈልግ ይችላል። ከ50 በታች ከሆኑ ግን ጉዳዩ በአብዛኛው የሚወድቀውም የሚነሣውም በቁጥሩ ነው።

ለእኛ ሰው ደግሞ አንድ ማሳሰቢያ አለ። ድሮ እንግሊዝኛ አለመቻል በራሱ ለአመልካቹ የሚጠቅም ነጥብ ሆኖ ይቆጠር ነበር። ከኤፕሪል 27 ቀን 2020 ወዲህ ቀርቷል። በአማርኛ የተማረ ሰው እንደተማረ ነው የሚታየው። ብዙዎች አሁንም «እንግሊዝኛ አልችልም» የሚለውን ዋና መከራከሪያ አድርገው ይገባሉ፤ ይህ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ጉልበታቸው የሚያልቀው በማይረባው ላይ ነው።

በችሎቱ ሰዓት፦ ሦስቱንም ይጻፉ

የሥራውን ስም፣ ዘጠኝ አሃዝ ያለውን ኮድና ቁጥሩን ይጻፉ። ኮዱን ካልጠሩት ይጠይቁ። አስተርጓሚ በነጻ ይሰጥዎታል፤ ቁጥሩ ካመለጠዎት «ይደገምልኝ» ይበሉ።

እንበልና አንዲት የ46 ዓመት እህታችን ዓመታት ሆቴል ስታጸዳ ኖራ ወገቧና እጆቿ ተጎድተዋል። ባለሙያው ይህን አሉ፦ የፖስታ አድራሻ ጸሐፊ 6,000፤ ለማይክሮፊልም ሰነድ አዘጋጅ 12,000፤ የመነጽር ገጣጣሚ 9,000። ድምር 27,000። ሲሰሙት ብዙ ነው። አሁን አንድ በአንድ እንየው።

ሥራው ዛሬ አለ ወይ?

የሥራ ስሞቹ የሚወጡት የሠራተኛ ሚኒስቴር ካዘጋጀው ትልቅ የሥራ መዝገብ ነው። አራተኛው እትም የወጣው በ1977 ነው፤ ለመጨረሻ ጊዜ የታረመው በ1991። እዚያ ላይ የአድራሻ ጸሐፊ ማለት ፖስታ ላይ አድራሻ በእጅ ወይም በታይፕ የሚጽፍ ሰው ነው። በታይፕ! መልእክት በአየር ግፊት ቱቦ የሚልክ ሠራተኛም አለበት። የለውዝ ለቃሚም አለ፤ ምስር በሰፌድ እንደምንለቅመው፣ እሱ ግን በሚሄድ ቀበቶ ላይ።

ሶሻል ሴኩሪቲ ራሱ ይህን አምኗል። በጁን 2024 ባወጣው መመሪያ 114 የሥራ ዓይነቶችን «መሥራት ትችላለህ» ለማለት አንጠቀምባቸውም አለ። በሌላ መመሪያ ደግሞ 13 ሥራዎችን ለየ። ዳኛ እነዚህን መጥቀስ የሚችለው፣ ሥራው ዛሬ የሚሠራበት መንገድ ከእርስዎ አቅም ጋር እንደሚስማማና በበቂ ቁጥር እንዳለ የሚያሳይ ተጨማሪ ማስረጃ ከቀረበ ብቻ ነው። አድራሻ ጸሐፊውም፣ የማይክሮፊልም ሰነድ አዘጋጁም፣ ለውዝ ለቃሚውም ከ13ቱ ናቸው። ዝርዝሩን አትመው ይዘው ይግቡ። የእህታችን 27,000 ማስረጃ ካልቀረበበት እዚህ ላይ ወደ 9,000 ወረደ።

ቁጥሩ ከየት መጣ?

ዋናው ነገር ይህ ነው። ያ አሮጌ መዝገብ ከ12,000 በላይ የሥራ ስም ይዟል፤ ስንት ሰው እንደሚሠራባቸው ግን አይናገርም። መንግሥት ሠራተኛ የሚቆጥረው በሌላ አከፋፈል፣ በ800 ገደማ ሰፋፊ ምድቦች ነው። አንዱ ምድብ ውስጥ ብዙ የመዝገቡ ሥራዎች ተጠቃለው ይገባሉ። ስለዚህ አንዳንድ ባለሙያዎች የምድቡን ድምር ለሥራዎቹ እኩል ያካፍሉታል።

መርካቶ አንድ ተራ ላይ 3,000 ነጋዴ አለ እንበል፤ የሚሸጠውም 30 ዓይነት ዕቃ ነው። እኩል ካካፈልነው በርበሬ ሻጩም 100፣ የበገና አውታር ሻጩም 100 ሊሆን ነው። ገበያ የሚያውቅ ሰው ይህን ይቀበላል?

ስለዚህ እንዲህ ይጠይቁ፦ «ክቡር ዳኛ፣ ለባለሙያው ጥያቄ አለኝ። ይህ ቁጥር የዚህ አንድ ሥራ ነው ወይስ የጠቅላላው ምድብ? ምድቡ ውስጥ ስንት ሥራ አለ? እንዴት አካፈሉት? የትኛውን መረጃ፣ የየትኛውን ዓመት ተጠቀሙ?» ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ የሚሠራው ኤስኤስአር 24-3ፒ የተባለው ደንብም ባለሙያው ምንጩን እንዲጠቅስና ቁጥሩን በጥቅሉ እንዴት እንደገመተ እንዲያስረዳ ይጠብቃል። «ከልምዴ ነው» ካሉ፣ «የምን ልምድ?» ይበሉ። ይህን ሥራ የሚያሠራ ድርጅት በቅርቡ አይተው ያውቁ እንደሆነም ይጠይቁ።

አንድ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይረሳል፦ «ስንቱ የሙሉ ጊዜ ነው?» የመንግሥቱ ቆጠራ የሙሉ ጊዜውንና የትርፍ ጊዜውን አንድ ላይ ይደምራል። የእርስዎ አቅም የሚለካው ግን በቀን ስምንት ሰዓት፣ በሳምንት አምስት ቀን መሥራት በመቻል ነው።

ቀሪውን በራስዎ ሕመም ይፈትሹ

የእህታችን መነጽር ገጣጣሚነት ቀርቷል። ሥራው ምንድን ነው? አፍንጫ ላይ የምታርፈውን ትንሽ ነገርና የመነጽሩን ክንድ በእጅ መሣሪያ ፍሬሙ ላይ መግጠም። ጣቷ የሚደነዝዝባት ሴት ብሎን እንዴት ትይዛለች? ኤስኤስአር 96-9ፒ የተባለው የሶሻል ሴኩሪቲ ደንብ ራሱ፣ ሙያ የማይጠይቁ የቁጭታ ሥራዎች አብዛኞቹ ሁለት ደህና እጅ እንደሚፈልጉ ይናገራል። ይጠይቁ፦ «እጆቿን በቀን ከሲሶ በላይ መጠቀም ባትችልስ? በየግማሽ ሰዓቱ መነሣት ቢያስፈልጋትስ? በወር ሁለት ቀን ብትቀርስ?» ግን ይህ ጥያቄ የሚቆመው ሐኪምዎ ስለ እጅዎ ከጻፈ ብቻ ነው። ማስረጃው ከችሎቱ ቢያንስ አምስት የሥራ ቀን ቀደም ብሎ መግባት አለበት።

ስንት ሥራ «በቂ» እንደሆነ የተቆረጠ ልክ የለም። ምዕራቡን የአገሪቱን ክፍል የሚይዘው ዘጠነኛው የይግባኝ ፍርድ ቤት በ2014 በመላው አገር 25,000 በቂ ነው ብሏል፤ ያውም ለጥቂት እንደሆነ አምኖ። ከ27,000 ላይ አንድ ሥራ መጣል ለምን ትልቅ ነገር እንደሆነ አሁን ግልጽ ነው።

እዚያው ይናገሩ

ተቃውሞዎን ባለሙያው ገና መስመር ላይ እያሉ ያስመዝግቡ። ጠበቃ ይዘው ዝም ካሉ፣ አንዳንድ ፍርድ ቤቶች በኋላ አይሰሙዎትም። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2019 ባለሙያው ቁጥሩን ያወጡበትን የግል የጥናት መረጃ ስላላሳዩ ብቻ ምስክርነታቸው አይወድቅም ብሏል። ስለዚህ መልሱን ፈልፍሎ ማውጣት የጠያቂው ሥራ ነው። ጊዜ ካጠረ፣ የጉዳይዎ መዝገብ ክፍት ሆኖ እንዲቆይና በጽሑፍ እንዲያስገቡ ዳኛውን ይጠይቁ።

ውሳኔው እምቢ ከሆነ ለአፒልስ ካውንስል (ለሶሻል ሴኩሪቲ የይግባኝ ጉባኤ) ይግባኝ ለማለት 60 ቀን አለዎት፤ ለፖስታ 5 ቀን ይታከላል። በዚያው ሳምንት የችሎቱን የድምፅ ቅጂ ይጠይቁ። ባለሙያው የተናገሩበትን ቦታ ፈልገው ያዳምጡ፤ ስሙን፣ ኮዱንና ቁጥሩን ቃል በቃል ገልብጠው ከ2024ቱ ዝርዝር ጋር ያስተያዩ።