ከኬሞቴራፒ በኋላ ማደንዘዣ ሲወሰድ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ብዙ የጡት ካንሰር ታካሚዎች ዕጢው እንዲያንስ አስቀድመው ዶክሶሩቢሲን፣ ሳይክሎፎስፋሚድና ፓክሊታክሴል የተባሉ የኬሞቴራፒ መድኃኒቶች ከወሰዱ በኋላ ወደ ቀዶ ሕክምና ይገባሉ። ልብ፣ ደምና ኩላሊት ይመረመራሉ፤ ማደንዘዣው በዋናነት የሚሠራበት አንጎል ግን ብዙ ጊዜ ሳይጠየቅ ይታለፋል።

የመጀመሪያው ስህተት «ኬሞው ካለቀ ቆይቷል» ብሎ ለሰመመን ሰጪው ባለሙያ አለመንገር ነው። መናገር ብቻውን አይበቃም፤ የመድኃኒቶቹ ስም፣ የዙሩ ብዛትና የመጨረሻው ቀን የተጻፈበትን ወረቀት ይዞ መቅረብ ያስፈልጋል። ዶክሶሩቢሲን ልብን፣ ፓክሊታክሴል የእጅና የእግር ነርቮችን፣ ብሊዮማይሲን የተባለው ሌላ የኬሞ መድኃኒት ደግሞ ሳንባን ሊጎዱ ስለሚችሉ ጥንቃቄውም እንደየመድኃኒቱ ይለያያል።

መርሳትን እንደ ነውር መደበቅም ስህተት ነው። የጣዱት ወጥ እስኪያርር መዘንጋት፣ የቅርብ ሰው ስም መጥፋት፣ የጀመሩት ወሬ መሐል ላይ መጥፋቱ ኬሞቴራፒ በወሰዱ ሰዎች ላይ የታወቀ ችግር ነው። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ካልተመዘገበ፣ በኋላ የሚታየው ለውጥ አዲስ ይሁን የቆየ መለየት ያስቸግራል።

ከሁሉ በላይ ሊታሰብበት የሚገባው ስህተት ግን የማደንዘዣውን መጠን በክብደት ብቻ አስልቶ በአንድ ጊዜ መስጠት ነው። በደም ሥር የሚሰጠው ማደንዘዣ ፕሮፖፎል በደም ውስጥ አብዛኛው ከፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ስለሚዘዋወር፣ በሕመምና በምግብ ማነስ አልቡሚን የተባለው የደም ፕሮቲናቸው በወረደ ሰዎች ላይ ነጻ ሆኖ አንጎል የሚደርሰው መጠን ሊጨምር ይችላል። በተጨማሪም ቀድሞ ኬሞቴራፒ የወሰዱ ታካሚዎች ለመተኛት አነስ ያለ ማደንዘዣ እንደበቃቸው ያመለከቱ ጥናቶች አሉ። ሰመመኑ ከሚገባው በላይ ከጠለቀ የደም ግፊት ይወርዳል፤ ለተጎዳ ልብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በግምት አብዝቶ መቀነስም በበኩሉ ታካሚዋ በቀዶ ሕክምናው መሐል እንድትነቃ ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህ የአንጎልን ሞገድ አንብቦ ከ0 እስከ 100 ቁጥር የሚያሳየው መሣሪያ ካለ፣ ንባቡን ከ40 እስከ 60 ማቆየት የተለመደ ነው፤ ከሌለ ደግሞ ምላሿንና ግፊቷን እየተከታተሉ በዝግታ መስጠት ይመረጣል።

በመጨረሻም ከቀዶ ሕክምና በኋላ መቀባዠርን «ሲነጋ ይተዋታል» ብሎ ማለፍ አይገባም። ቤተሰብ ወዲያውኑ ለነርሷ ይንገር፤ መነጽሯን ያድርግላት፤ ሲስፕላቲን የተባለው የኬሞ መድኃኒት መስማትን ሊቀንስ ስለሚችል፣ ይህን መድኃኒት ወስዳ ከሆነ ፊት ለፊቷ ቆሞ ቀስ ብሎ ያነጋግራት።