ለ10 ኪሎ ሜትር ሩጫ ስንዘጋጅ የማስታወሻ ደብተር አያያዝ

ጳጉሜን ሲገባ ብዙዎቻችን ለአዲሱ ዓመት ዕቅድ እናወጣለን፤ ዕቅዱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከአደይ አበባው ቀድሞ ይረግፋል። እኔ እንደማምነው ለዚህ ዋናው ምክንያት ከተነሣንበት ቦታ ምን ያህል እንደ ራቅን የሚያሳየን ነገር በእጃችን አለመኖሩ ነው። የማስታወሻ ደብተር ይህን ጉድለት ይሞላል። አያያዙን በአንድ ግልጽ ግብ ላይ ተመርኩዤ ላስረዳ፦ ሮጦ የማያውቅ ሰው፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ1994 ዓ.ም. ባስጀመረውና በኅዳር ወር አዲስ አበባ ላይ በሚካሄደው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ፣ 10 ኪሎ ሜትሩን ሳይቆም መጨረስ ይፈልጋል።

ለዚህ ሥራ ባለ 50 ሉክ ተራ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ይበቃል። በስልክ የሚጫኑ የሩጫ መተግበሪያዎች ርቀቱንና ሰዓቱን በትክክል ይይዛሉ፤ ሆኖም ያልሮጡበትን ቀን ምክንያት አይጽፉልዎትም፤ ይህ ምክንያት ደግሞ፣ ወደ ኋላ እንደምንመለከተው፣ የደብተሩ ዋና ሀብት ነው። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ግቡን ቀን ባለው አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉት። «ጤናማ እሆናለሁ» የሚል ቃል ሊለካ ስለማይችል አይጠቅምም፤ «በኅዳር 10 ኪሎ ሜትር ሳልቆም እሮጣለሁ» የሚለው ግን ወይ ይሆናል ወይ አይሆንም። ከሥሩ መነሻዎን ያስፍሩ፤ ጫማዎን አድርገው ይውጡና ሳይቆሙ ስንት ደቂቃ መሮጥ እንደቻሉ ይጻፉ። አራት ደቂቃ ብቻ ከሆነ አራት ብለው ይጻፉ፤ ቁጥሩን በሐፍረት ከፍ ያደረገ ሰው ከአንድ ወር በኋላ ያመጣውን ለውጥ ራሱ ይሰርቃል።

ከዚያ በኋላ ደብተሩን ገልጠው የግራውን ገጽ ለሰባቱ ቀናት ይመድቡ፤ የቀኙን ለጊዜው ባዶ ይተዉት። ከሩጫ እንደ ተመለሱ፣ ገና ላብዎ ሳይደርቅ፣ ሁለት ሦስት መስመር ይጻፉ። ለምሳሌ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «ከንጋቱ 11፡40 ወጣሁ። 25 ደቂቃ፤ 15 ሩጫ፣ 10 እርምጃ። ሁለተኛው ዳገት አጋማሽ ላይ ቆምኩ። እየሮጥኩ መናገር አልቻልኩም። የተኛሁት 5 ሰዓት ብቻ ነው።» የመጨረሻዎቹ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ትንሽ ይመስላሉ፤ ነገር ግን እየሮጡ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር አለመቻል ፍጥነቱ ለጀማሪ እንደ በዛ የሚያመለክት ቀላል መለኪያ ሲሆን፣ የእንቅልፉ መጠን ደግሞ ድካሙ ከየት እንደ መጣ ይጠቁማል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለምትገኝ፣ ለሩጫው ከውጭ አገር ወይም ከቆላ የሚመጣ ሰው የገባበትን ቀን ይጻፍ፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንፋሽ ስለሚያጥር፣ ያን ጊዜ የሚመዘገበው ቁጥር ከቀድሞው ጋር ሊነጻጸር አይገባም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ያልሮጡበትን ቀን ባዶ አይተዉት። እኔ ደብተር መያዝ በጀመርኩበት ዓመት የቀሩብኝን ቀናት ባዶ እያለፍኩ፣ ባዶው ቦታ በበዛ ቁጥር ደብተሩን መግለጥ እየከበደኝ ሄዶ ነበር። በኋላ በእያንዳንዱ ባዶ ቦታ ላይ «አልወጣሁም፤ ምክንያቱም...» ብዬ መጻፍ ጀመርኩ። በሦስተኛው ሳምንት ገጾቹን ወደ ኋላ ስገልጥ ከቀሩብኝ ቀናት አብዛኞቹ ሐሙስ ሆነው አገኘኋቸው። ረቡዕ የማታ ትምህርት ስለ ነበረኝ፣ ታክሲ ተሰልፌ ቤት የምደርሰው ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ነበር፤ በማግስቱ ንጋት ላይ ለመነሣት አቅም አልነበረኝም። ለሳምንታት ራሴን ሰነፍ እያልኩ ስወቅስ የከረምኩት በዚህ ምክንያት ነበር። የሐሙሱን ሩጫ ወደ ቅዳሜ አዛወርኩት፤ ችግሩም በዚያው ቀረ። ሲጽፉ ታዲያ «ሰነፍኩ» ብለው አይለፉት፤ ቃሉ ፍርድ እንጂ ምክንያት አይደለም። ስንት ሰዓት ተኙ? ማን መጣ? ምን ያዘዎት? እሱን ይጻፉ።

እሑድ ማታ የቀኙ ገጽ ተራ ነው። የሳምንቱን መስመሮች በሙሉ ያንብቡና ጠቅላላውን ደቂቃ፣ የተደጋገመውን እንቅፋትና በሚቀጥለው ሳምንት የሚለውጡትን አንድ ነገር ይጻፉ። አንድ ብቻ መሆኑ አስፈላጊ ነው፤ ሰዓቱንም ርቀቱንም መንገዱንም በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው የትኛው እንደ ጠቀመው ማወቅ አይችልም። ጉልበት ወይም ቁርጭምጭሚት ላይ ሕመም በተከታታይ ከተመዘገበ፣ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ የሚቀጥለውን ሳምንት ልምምድ ይቀንሱ፤ ሕመሙ ካልለቀቀም ሐኪም ያማክሩ፤ ሲሄዱም ደብተሩን ይያዙ፤ ሕመሙ መቼ እንደ ጀመረና ምን ሲያደርጉ እንደሚብስ በቀን በቀኑ ተጽፎ ይገኛል።

በየአራት ሳምንቱ የመጀመሪያውን ቀን ፈተና በዚያው መንገድና በዚያው ሰዓት ይድገሙት፤ ውጤቱንም በመጀመሪያው ገጽ ላይ ከመነሻው ቁጥር ሥር ይጻፉት። ውድድሩ በተጠናቀቀ ዕለት ማታም፣ እግርዎ ቢዝልም፣ የት ላይ እንደ ከበደዎትና የት ላይ እንደ ቀለለዎት ሳይተኙ ይጻፉ፤ የሚቀጥለውን ዓመት ዕቅድ ጳጉሜን ላይ ሲያወጡ በመጀመሪያ የሚገልጡት ይህን ገጽ ነው።